ጡረታ የወጣ ወዴት ይገባል?

የሰው ልጅ በዘመኑ ብዙ በሮችን ያልፋል። ከእናቱ ጀርባ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ ይይዛል፤ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ የራሱን ጎጆ ይቀልሳል። ለእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ዘመድ ወዳጅም ተሰብስቦ ይመርቀዋል። ከሥራ ወደ ዕረፍት የሚያሳልፈውን በር ግን ብዙዎች ሳይዘጋጁ ያልፉታል። በቋንቋችን «እገሌ ጡረታ ወጣ» እንላለን። መውጣቱን ሁላችን እናወራለን፤ ወዴት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

«እናንተ ገና ሥራ ያልያዛችሁ ወጣቶች ስለ ጡረታ ለመጻፍ ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም፣ ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች የሚገቡት እኛ ወዳለንበት ቤት ነውና ነገሩ ያገባናል የሚል ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ከመካከላችን በአንዱ ቤት የተፈጸመ ነገር ነው።

የዚህ የጓደኛችን አባት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 27 ዓመት በሒሳብ ሥራ አገልግለዋል። በ2010 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 55 ሲሞላ፣ ጉልበት ሳይከዳኝ ልረፍ ብለው በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ጠየቁ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋቢ አልብሰው ሸኟቸው፤ ቤተሰቡም ደስ ብሎት ቡና አፈላ። በሚቀጥለው ሰኞ ግን እንደ ልማዳቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ፤ ጢማቸውን ተላጩ፤ ጫማቸውን ወለወሉ፤ ኮታቸውን ለበሱ። መሄጃ እንደሌላቸው ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነበር። ኮታቸውን ሳያወልቁ እስከ ምሳ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ወር ሳይሞላ ቤቱ ሰላም አጣ። አባት ጓዳ ገብተው የሽንኩርቱን ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ከሰሉ ስንት ቀን እንደሚበቃ በደብተር ይመዘግባሉ፤ ዘይቱ ለምን ቶሎ አለቀ ይላሉ። ባለቤታቸውም አንድ ቀን «ይህ ቤት 27 ዓመት ያለ ተቆጣጣሪ ኖሯል» አሏቸው። ከዚህ የከፋው ግን የጓደኛችን ንግግር ነበር። የመብራት ሒሳብ ለመክፈል ሰልፍ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ «አባባ ይሂዱ እንጂ፤ እርስዎ እንደሆነ ሥራ የለዎት» አላቸው። አባት አንዲት ቃል ሳይመልሱ ወረቀቱን ተቀብለው ሄዱ። በዚያ ምሽት ግን ራት አልበሉም። ጓደኛችን ይህን ሲነግረን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እኛም ልንፈርድበት አልቻልንም፤ በየቤታችን ይህን የመሰለ ቃል ተናግረናልና።

ከዚህ በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ገና መሥራት የሚችል ሰው ሥራውን መተው ይገባዋልን? አንዳንዶቻችን «ጉልበት ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ቀን መሥራት አለበት፤ አስቀድሞ መተው ስንፍና ነው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «27 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕረፍት መብቱ ነው፤ ቦታውንም ለወጣት ይለቃል» ብለን ተከራከርን። ክርክሩ ረጅም ቢሆንም፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ወገኖች አንድ ነገር እንደ ዘነጋን ተረዳን። ይኸውም ሥራና ደመወዝ አንድ አለመሆናቸው ነው። ሰው ደመወዙን ሊተው ይችላል፤ ለሰው መጥቀሙን ግን ሊተው አይገባውም። እንግዲህ ጥያቄው «መቼ ይውጣ?» ሳይሆን «ወጥቶ ምን ይሁን?» የሚል ነው።

ይህንን ጥያቄ የገጠሩ አባታችን ሳይጨነቅ ይመልሰዋል። ገበሬ ጡረታ የሚወጣበት ቀን የለውም። መጀመሪያ እርሻውን ለልጁ ይለቅና ዘሩን ራሱ ይዘራል፤ ቀጥሎ ዘሩንም ይተውና አውድማውን ይጠብቃል፤ ከዚያም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጣላ ያስታርቃል። ደረጃ በደረጃ ይወርዳል እንጂ አይወድቅም። በዕድሜያቸው ማብቂያ ርስታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ቆብ የሚደፉም ነበሩ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ካሌብም ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአክሱም አጠገብ በሚገኘው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መንነው እንደ ኖሩ በትውፊት ይነገራል። እኛን ያስደነቀን ዙፋኑን መተዋቸው ብቻ አይደለም፤ ሲወጡ የሚገቡበትን ማወቃቸው ነው። የቢሮ ሠራተኛ ግን ሥራው በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይቆረጣል። ስለዚህ ገበሬው ሳያስበው የሚያደርገውን እርሱ አስቦ ማድረግ ይኖርበታል።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ ትምህርት አለው። የተገኘው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው። ትርጉሙም ያረጀ ወላጅን መመገብ፣ ማልበስና መንከባከብ ነው። ድሮ ጧሪው ልጅ ነበር፤ «ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ» የሚለው ምርቃትም ከዚህ የመጣ ነው። በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ሲወጣ መንግሥት ከልጅ ጋር ጧሪ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ ዐቅድ ተዘረጋላቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕግ የሚጦረው ኪስን ነው። አጠገብ ተቀምጦ መጨዋወትን፣ ምክር መጠየቅንና ማክበርን ሕግ ሊከፍል አይችልም። ይህ ዕዳ ዛሬም በእኛ በልጆች ላይ ነው።

አስቀድሞ ጡረታ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ምን ያዘጋጅ? ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቀን የተረዳነውን በአራት ከፍለን እናቀርባለን።

ሀ/ ገንዘቡን ይቍጠር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የመውጫውን ዕድሜ 60 አድርጎ፣ 25 ዓመት ያገለገለ ግን ከ55 ዓመቱ ጀምሮ አበል እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር። አበሉም ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ለተሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። በዚህ ስሌት አማካይ ደመወዙ 4,000 ብር የሆነ ሰው በ27 ዓመት አገልግሎት ቢወጣ 2,050 ብር ያገኛል፤ በዚያው ደመወዝ አምስት ዓመት ቢጨምር ደግሞ 2,300 ብር ይደርሳል። እነዚህ አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ስለ ተተኩ፣ ማንም ከመወሰኑ በፊት የራሱን ስሌት ከሚመለከተው ክፍል ጠይቆ ይረዳ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደመወዝ እያገኙ አንድ ዓመት በአበሉ ልክ ኖሮ ማየት ነው። ሊኖሩበት ካልቻሉ፣ ችግሩን ሳይወጡ ማወቅ ይሻላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለምን?

ለ/ ጊዜውን ይለማመድ። «ጡረታ ስወጣ አደርገዋለሁ» የተባለ ነገር ብዙውን ጊዜ አይደረግም። አትክልት መትከል የሚፈልግ ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ይትከል፤ ማስተማር የሚፈልግ ዛሬ ለአንድ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ያሳይ። ጥቂት የተጀመረ ነገር ካለ፣ ሰኞ ጧት መሄጃ ይኖራል።

ሐ/ ስሙን ከማዕረጉ ይለይ። ማነህ ሲባል «የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ» ብሎ ብቻ የሚመልስ ሰው፣ ኃላፊነቱን ባስረከበ ቀን ራሱንም ያስረከበ ይመስለዋል። በዕድር፣ በጎረቤትና በዘመድ መካከል በገዛ ስሙ የሚታወቅ ግን ከወንበሩ ሲነሣ የሚያጣው ወንበሩን ብቻ ነው።

መ/ ከቤቱ ጋር ይመካከር። ቤት የራሱ ሥርዓትና ባለቤት አለው። ቀኑን ሙሉ ውጭ ይውል የነበረ ሰው ሲገባ እንደ ተቆጣጣሪ ሳይሆን እንደ ባልደረባ መግባት ይኖርበታል። በዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። እናቶቻችን መቼ ነው ጡረታ የሚወጡት? የጓደኛችን እናት ባለቤታቸው ካረፉበት ቀን ጀምሮ ሥራቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ቀድሞ ያልነበረ ምሳ ይሠራሉና። የአንዱ ዕረፍት ለሌላው ድካም ከሆነ ፍትሕ አይደለም። አስቀድሞ ጡረታ መውጣት ተገቢ የሚሆነው የወጣው ሰው በቤቱ ካለው ሸክም ድርሻውን ሲያነሣ ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ጓደኛችን አባት እንመለስ። ጓደኛችን ከብዙ ማመንታት በኋላ አንድ ምሽት ይቅርታ ጠየቃቸው። ቀጥሎም የዕድሩ መዝገብ ተምታቶ አባላቱ እንደሚጨቃጨቁ ነገራቸውና «አባባ፣ አንድ ጊዜ ቢያዩት» አላቸው። መዝገቡን ሦስት ሳምንት መረመሩት፤ የጠፋ የመሰለው ገንዘብ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን የዕድሩን ሒሳብ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ገበያ የሚሄዱትም እርሳቸው ናቸው። የሽንኩርቱን ዋጋ አሁን ከባለቤታቸው በላይ ያውቃሉ፤ ስለ ውድነቱም የሚያማርሩት እርሳቸው ሆነዋል። ሁሉ ነገር ተቃንቷል አንልም። አንዳንድ ሰኞ አሁንም ዝም ብለው ይውላሉ። ያን ቀን ግን ልጃቸው አጠገባቸው ይቀመጣል።

ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በየቤታችን ጡረታ የወጣ ወይም ሊወጣ የተቃረበ ሰው አለ። ዛሬ ማታ «ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ቁጭ ብለን እንስማ። «ሥራ የለዎት» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። ለራሳችንም እናስብ፤ ነገ መሥሪያ ቤት ገብተን ማዕረግ እናገኝ ይሆናል፣ ማዕረጉ ግን አንድ ቀን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ሰውነታችን ነው። እርሱን የምናበጀው ደግሞ በ55 ዓመታችን ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ ነው።