«ካረጁ አይበጁ»፦ የአንድ ተረት ትርጓሜና ፈተና

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው ተረት ቃሉ አጭር፣ ፍርዱም ቁርጥ ያለ በመሆኑ፣ ሽማግሌው በራሱ ላይ እየጠቀሰ የሚስቅበት፣ ወጣቱም በልቡ ይዞ በአፉ ለመናገር የሚያፍርበት ምሳሌ ነው። እንደ መጻሕፍት ሊቃውንት ልማድ በአንድምታ ብንፈታው፣ በመጀመሪያ ስለ ሥጋ የተነገረ ነው፤ ዓይን ይፈዛል፣ ጉልበት ይዝላል፣ ይህንም የሚክድ የለም። አንድም ስለ ጠባይ ነው፤ በወጣትነቱ ያልታረመ በሽበቱ አይታረምም ሲል፣ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ከሚለው ምክር ጋር ይገጥማል። አንድም ስለ ትምህርት ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው አዲስ ጥበብ አይቀበልም ይላል። ይህ ሦስተኛው ትርጓሜ ዛሬ በየቤቱ የሚፈተነው፣ በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ልጆቹ የሰጡትን ዘመናዊ ስልክ በእጁ በያዘ ጊዜ ነው።

ታሪክ ግን ለዚህ ትርጓሜ አይመሰክርለትም። አበ ብዙኃን አብርሃም ከካራን ወጥቶ ወደማያውቀው አገር ሲጓዝ የ75 ዓመት አረጋዊ ነበረ። በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራችን ያስገቡት ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ጊዜም፣ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ንጉሠ ነገሥት ከመኳንንቱ ቀድመው ለመሳፈር አልፈሩም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ፣ ዕድሜያቸውን በእርሻና በጓዳ የፈጁ አባቶችና እናቶች የልጅ ልጅ በሚሆናቸው ዘማች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ በአውራ ጣት ይፈርሙ የነበሩ ብዙዎችም ስማቸውን መጻፍ ችለዋል።

እንግዲህ ሽማግሌው በስልኩ የሚቸገርበትን ምክንያት ቀረብ ብሎ መመርመር ያሻል። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ስልኩን ከፊቱ አርቆ ይዞ፣ ቁልፍ ባለው ስልክ ብዙ ዘመን የሠለጠነ አውራ ጣቱን በልጁ ስም ላይ አጥብቆ ያሳርፋል፤ መስተዋቱ ግን ነካ ተደርጎ መለቀቅን ስለሚሻ፣ ጣት በቆየበት ጊዜ ሌላ ትእዛዝ የተሰጠው መስሎት «ይጥፋ ወይ?» የሚል ጥያቄ ያወጣል። እጁን ያሳተው የቀድሞ ዕውቀቱ ነው፤ በአሮጌው ስልክ ላይ ያ አጥብቆ መጫን ትክክለኛ ጥበብ ነበረና። በዚህ መካከል የልጅ ልጁ «አምጡት አባባ፣ እኔ ላድርገው» ብሎ ይቀበለውና፣ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ጨርሶ ይመልስለታል፤ ጉዳዩ ተፈጸመ፣ ትምህርቱ ግን አልተሰጠም። ያው ልጅ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «ነካ አድርገው ይልቀቁት» ብሎ ቢታገሥ ኖሮ፣ አረጋዊው በዋሽንግተን ያለች ልጁን ፊቷን እያየ ለማነጋገር፣ የእድሩን መርዶ በቴሌግራም ለማንበብ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብርም ወረፋ ሳይቆም የመብራት ሒሳቡን ለመክፈል ብዙ ጊዜ ባልፈጀበት ነበር።

ከልጁ መቸኮል የሚከፋው ግን የሽማግሌው ሃፍረት ነው። በእኛ ዘንድ አረጋዊ የሚጠየቅ፣ የሚመክርና የሚያስታርቅ እንጂ ከልጅ የሚማር ሆኖ ስላልተለመደ፣ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ክብሩን የሚቀንስበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሳይገባው «ገባኝ» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህን ዓይነት ሃፍረት አያውቅም፤ በቅኔ ቤት ሽበት ያወጣ መነኩሴ ከለጋ ተማሪ ጎን ተቀምጦ፣ በዕድሜ ከሚያንሰው መምህር ፊት ቅኔውን ይቀኛል፣ ሲታረምም ዝቅ ብሎ ይቀበላል፤ በዚያ ማዕርግ የሚሰጠው ለዕውቀት ነውና።

ይሁን እንጂ ተረቱን ፈጽሞ ሐሰት ነው ብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ስለ ጠባይ የተነገረው ትርጓሜው ጸንቶ ይኖራልና። ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በቀር ሌላ ደስታ ያልነበረው ሰው፣ ዳማ መጫወትን፣ መጽሐፍ መግለጥን፣ ጎረቤት መጠየቅን አስቀድሞ ካልለመደ፣ ስልኩ የጡረታውን ባዶ ሰዓት ይበላለታል እንጂ በዕረፍት መኖርን አያስተምረውም። በአንጻሩ ምስጢሩን ለማያውቀው ሰው አለመግለጥን በወጣትነቱ የለመደ አረጋዊ፣ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል አታላይ ሲመጣበት፣ የስልኩን ሥራ ባያውቅ እንኳ የሰውን ተንኮል ያውቃልና አይታለልም። የጣት ሥልጠና በማናቸውም ዕድሜ የሚገኝ ሲሆን፣ በዘመነ ርስዓን በድንገት የማይገኘው ቀድሞ ያልተዘራው ልማድ ነው፤ ከልማዶችም ሁሉ የሚበልጠው ሳያፍሩ መጠየቅ ነው። ስለዚህ «ካረጁ አይበጁ» የሚለው ቃል ይበልጥ ሊነገር የሚገባው፣ ዛሬ ሁሉን አውቃለሁ ብሎ መጠየቅን ለሚንቀው ወጣት ነው፤ እርሱንም በተራው ሲሸብት በእጁ የሚሰጡትን አዲስ ነገር ማስተማር የሚቻለው፣ ከአሁኑ መማርን የለመደ እንደ ሆነ ነው።