መጨነቅ ኃጢአት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በዚያን ዕለት ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር የተኛውን፥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመውን ሰው ታስባለች (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው በሽተኛው የመለሰው መልስ ያስገርማል። ስለ ሕመሙ አልተናገረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ እንጂ። ውኃው እኮ አጠገቡ ነው። የጎደለው ሰው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው በሽተኛ አልጋ ላይ የተኛ አይደለም። ሥራ ይሄዳል፤ ሠርግ ቤት ያጨበጭባል፤ ያስቀድሳል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ይነቃል፤ ልቡ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ደረቱን ያፍነዋል፤ እጁ ይደነዝዛል፤ «አሁን ልሞት ነው» ይላል። ሆስፒታል ሮጦ ሲመረመር «ልብህ ጤነኛ ነው» ይባላል። ደስ ሊለው ሲገባ የባሰ ይፈራል፤ ስም የሌለው በሽታ ያዘዋ! ቤተሰቡ «ምን ጎደለህ?» ይለዋል። የሰፈር ሰው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ከዚያ ደግሞ በመንፈሳዊ ሕይወቱ ጠንካራ የሆነ አንድ ወንድም ይመጣና «ጌታ አትጨነቁ ብሎ የለም ወይ? እምነትህ ጎድሎ ነው» ይለዋል። ይሄኛው ከሁሉ ይከብዳል። በሕመሙ ላይ ኃጢአት ተጨመረበት።

በእኛ በአቃቂ ቃሊቲ እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እየሠራ፥ አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት እየገባ እንቅልፉ የተዘበራረቀበት አለ። የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ ሹፌር አለ። ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች እኅት አለች፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባረው እንደ ተመለሱ ይታወሳል፤ ከሻንጣቸው ጋር የሌሊት ቅዠትም ይዘው የገቡ እንዳሉ ጎረቤቶቻቸው ያውቃሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ልጁን አጥቶ ዛሬም በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ አባት አለ። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ የመጣም አለ። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተሰቦች ገላን ጉራ ገብተዋል፤ ቤቱ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ እድሩ፥ የጽዋ ማኅበሩ፥ ቡና የሚጠራራው ጎረቤት ግን ከዕቃው ጋር በመኪና ተጭኖ አይመጣም።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፍርሃት በተፈጥሮው ክፉ አይደለም። ፈጣሪ በሥጋችን ውስጥ ያቆመው ዘበኛ ነው። መኪና ሲመጣብን ልባችን ፈጥኖ የሚመታው፥ ትንፋሻችን የሚቆራረጠው እግራችን ለመሮጥ ኃይል እንዲያገኝ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ የእናት ልብ ባይመታ ነበር የሚያስደንቀው። ሕመም የሚሆነው ዘበኛው ሌባ በሌለበት ሲጮኽ ነው፤ ለሳምንታትና ለወራት ሳያቋርጥ ጮኾ እንቅልፍ ሲነሣ፥ ሥራ ሲያስፈታ፥ ከሰው ሲለይ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ወድዶና መርጦ የሚፈራው ነገር የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖር ነበር፤ ሕክምና የሚያገኘውም ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ እምነት ስለ ጎደለው ነው እንበል? እንዲያማ ከሆነ ስኳር ያለበትንና እንቅርት የወጣበትንም እምነቱን እንጠይቀው።

ጌታችን «አትጨነቁ» ያለው እውነት ነው (ማቴ. 6፥25)። ግን ከዚያ በፊት ምን ሲያስተምር ነበር? ስለ መዝገብና ስለ ሁለት ጌቶች። የተናገረው መብልና ልብስን ጌታው ላደረገ፥ ለእግዚአብሔር ቦታ ላሳጣ ሐሳብ ነው። የተናገረበትንም መንገድ ተመልከቱ፤ ወፎችን አሳየን፤ አበቦችን አሳየን። አባት በጨለማ የሚንቀጠቀጥ ልጁን አቅፎ «አይዞህ፥ አትፍራ» ሲለው ልጁን እየከሰሰው ነው እንዴ? እኛ ግን የማጽናኛውን ቃል ወስደን ዱላ አደረግነው። ቅዱስ ጳውሎስም የፊልጵስዩስን ሰዎች እንዳይጨነቁ ይመክራል (ፊልጵ. 4፥6)፤ ያው ጳውሎስ መቄዶንያ በደረሰ ጊዜ ሥጋው ዕረፍት እንዳጣ፥ በውጭ ጠብ በውስጡም ፍርሃት እንደ ነበረበት ሳያፍር ጽፏል (2ቆሮ. 7፥5)። ማን ነው ሐዋርያውን እምነት የለህም የሚለው?

ኃጢአት የሚሆን ጭንቀት ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። የሌላውን ድርሻ ለመውሰድ ሲያሰላ የሚያድር ሰው አለ፤ ያም ይጨነቃል። ገዳማውያን አባቶች ሐሳብ ወደ ልብ መምጣቱንና ልብ በፈቃዱ ተቀብሎት አብሮት መቀመጡን ለይተው ያስተምራሉ፤ የመጣው ሁሉ አያስጠይቅም፤ የተቀበልነው ነው የሚያስጠይቀው። ይህን መለየት ግን የሰውየውን ኑሮ የሚያውቀው የንስሐ አባቱ ሥራ ነው። ከሩቅ ሆነን በየደጀ ሰላሙ የምንሰጠው ፍርድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጌቴሴማኒ አለ። ጌታችን የእኛን ባሕርይ በእውነት እንደ ተዋሐደ ለማጠየቅ በዚያች ሌሊት አዘነ፥ ተከዘ፤ ወዙም እንደ ደም ነጠብጣብ ሆኖ ወረደ (ሉቃ. 22፥44)። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብረውት ነቅተው እንዲቆዩ ጠየቃቸው (ማቴ. 26፥37-38)። እነርሱ ተኙ። የተጨነቀ ሰው አጠገብ ነቅቶ መቆየት ለሐዋርያት እንኳ እንደ ከበደ እናስተውል።

አሁን ወደ ጾማችን እንመለስ። ስለ አርባ ቀን ጾም ስንሰብክ ነቢዩ ኤልያስን እንጠራለን፤ ደግ ነው። ግን ከአርባው ቀን በፊት ያለውን እየዘለልን ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ያን የሚያህል ተአምር ካየ በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሲሰማ ፈርቶ ሸሸ፤ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ (1ነገ. 19፥3-8)። ሞትን ለመነ! እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ! ታዲያ እግዚአብሔር ምን አደረገ መሰላችሁ? አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። እንዲተኛ ተወው፤ ከዚያ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ አሁንም አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ። አርባው ቀን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያ እንቅልፍ፥ ምግብና አጠገቡ የቆመ፥ ከዚያ ጾም።

ስለዚህ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን በጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ ያለበት ሰው «ጾሜን ሻርኩ» ብሎ ሌላ ጭንቀት አይጨምር። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመን ሰው ያቃልልለታል። እንዴት እንደሚጾምና ሲቆርብ ምን እንደሚያደርግ የሚወስንለት የንስሐ አባቱ ነው፤ እኔ ዲያቆኑ አይደለሁም። እርሱም ራሱ ብቻውን ቆርጦ ክኒኑን እንዳይተው። ብዙዎቹ የጭንቀት መድኃኒቶች ለውጥ የሚያሳዩት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ በድንገት ሲቋረጡም ሰውነትን ያናውጣሉ። «ሁለት ሳምንት ወሰድኩ፥ አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥል ብዙ ነው።

ጠበል ወይስ ክኒን?

ይህ ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። እግዚአብሔር በጠበል ይፈውሳል፤ የዳኑትን ዓይናችን አይቷል፤ ይህን የሚክድ ከመጽሐፍም ከምስክርም ይጣላል። ግን ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ አሥራ አምስት ዓመት እንደ ተጨመረለት ከእግዚአብሔር ቃል ተቀብሎ ሳለ፥ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ነገ. 20፥5-7)። ተስፋው ከሰማይ ነው፤ መድኃኒቱ ከበለስ ነው። በልብሱ ጨርቅ ድውያን ይፈወሱ የነበሩት ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሆድ ጥቂት የወይን ጠጅ መከረ (1ጢሞ. 5፥23)። ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲወስዱ ሲያስተምሩ ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር። ያ ትምህርት ዛሬ ለተጨነቀውና አእምሮው ለታመመው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

«ክኒኑን ጣለው፥ እመን ብቻ» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ወንድሞች አንድ ነገር ላስታውስ። ጌታችን በጾመ ጊዜ ፈታኙ ወደ ቤተ መቅደስ ጫፍ አውጥቶ፥ መላእክት ያነሡሃልና ራስህን ወርውር አለው። መጽሐፍም ጠቅሶ ነበር! ጌታችን ግን አምላክን መፈታተን እንዳይገባ መልሶ ዝም አሰኘው (ማቴ. 4፥5-7)። በሽተኛን ከያዘበት ድጋፍ ላይ ወርውሮ «እግዚአብሔር ይይዝሃል» ማለት የማን ድምፅ እንደ ሆነ ራሳችሁ ፍረዱ። በአንዳንድ ቦታ ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰርና መምታትም አለ። ጌታችን ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን አልመታውም፤ ጠየቀው።

ለእኛ ለአገልጋዮችም የተጻፈ አለ። ሐና ልቧ ተጨንቆ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት (1ሳሙ. 1፥12-17)። እርሷ ስታስረዳው ግን አልተከራከረም፤ አድምጦ በሰላም አሰናበታት። አንድ ምእመን መጥቶ «አባ፥ መኖር አስጠላኝ» ቢል፥ ከተግሣጽ በፊት ማድመጥ ይቅደም። ብቻውን ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይደረግ፤ ያን ዕለት ቤተሰብ ይጠራ፤ ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ስለ አእምሮ ጤና አሁን አሁን በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ይነገራል። መስከረም 30 ቀን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የአእምሮ ጤና ቀን ሆኖ ይከበራል። በአገራችንም ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚሆን የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጥቶ፥ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያዎችም እንዲወርድ ታስቦ ነበር። መልካም ነው። አፋችን ግን ገና አልተማረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ በ1930 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተውና ለረጅም ጊዜ በአገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው ሆስፒታል አማኑኤል ይባላል። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው (ማቴ. 1፥23)። እኛስ? ታክሲ ውስጥ ሰው ስንሰድብ «ይሄማ አማኑኤል ነው መግባት ያለበት» እንላለን። የጌታን ስም ስድብ አደረግነው እኮ! በዚህ ስድብ ምክንያት ወደዚያ በር መሄድ አፍሮ ስንቱ በቤቱ ተቆልፎ ቀርቷል።

ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤታችሁ ወይም አብሮ አደጋችሁ እንቅልፍ ማጣቱን፥ ልቡ መምታቱን ቢነግራችሁ፥ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም በክፍለ ከተማችን ወዳለው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ውሰዱት። እንቅርትና ደም ማነስም ልብ ያስመታሉና ይመርመር። የአእምሮ ሐኪም ይየው ከተባለ ደግሞ ብቻውን አትስደዱት። ከቃሊቲ እስከ መርካቶ መንገዱ ረጅም ነው፤ ታክሲ ውስጥ ደረቱን ሲያፍነው «እዚሁ አውርዱኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በጠዋት ተነሡ፤ ሥራችሁን አስፈቅዱ፤ ከጎኑ ተቀመጡ። ወረፋ ሲጠብቅ ውኃ ያዙለት። ሐኪሙ ሲናገር እናንተም ስሙ፤ የተጨነቀ ሰው የተነገረውን ግማሹን አይሰማም። ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ፥ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደ ሆነ በወረቀት ጻፉለት። ማታ ደውላችሁ ጠይቁት፤ ጠበል መጠመቅ ሲፈልግም ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።