የመጠጥና የምግብ ጋብቻ፦ ዕውቀት ወይስ መቀናጣት?

በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች አንድ ዓይነት የእራት ግብዣ ከተለመደ ሰንብቷል። እንግዶች በረጅም ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ምግቡ በአንድ ጊዜ አይቀርብም፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ ተከፍሎ በየተራው ይመጣል። ከእያንዳንዱ ተራ ጋር በትንሽ ብርጭቆ ሌላ ዓይነት ቢራ ይቀዳል። ቢራው ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች የመጣ አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች በጥንቃቄና በመጠኑ የሚጠምቁት፣ በዚያ አገር ክራፍት ቢራ የሚባለው ነው። አንድ ሰው ይነሣና ይህ ቢራ ከዚህ ዓሣ ጋር ስለ ምን እንደ ተጣመረ ያስረዳል። ተጋባዡም ይቀምሳል፣ ያሰላስላል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

ይህን በእኛ አገር ለሚገኝ ሰው ቢያወጉት መሳቁ አይቀርም። ሳቁም ያለ ምክንያት አይደለም። የዕለት እንጀራ ገና የብዙ ሰው የማለዳ ጭንቀት በሆነበት ምድር፣ የትኛው መጠጥ ከየትኛው መብል ጋር እንደሚስማማ መመራመር የጠገበ ሰው ጨዋታ ይመስላል። ሳቁን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ሳቅ መልስ አይሆንም፤ ከሳቁ በስተኋላ የግብረ ገብ ጥያቄ ቆሞ ይጠብቃል። ለመሆኑ ጣዕምን አጣርቶ መለየት ዕውቀት ነው ወይስ መቀናጣት? ዕውቀት ከሆነስ የማን ዕውቀት ነው?

በመጀመሪያ ነገሩ ባዶ ማስመሰል አለመሆኑን መመልከት ይገባል። የቢራ ምሬት የሚገኘው ሆፕ ከሚባል ሐረግ አበባ ሲሆን፣ አበባው መጠጡን ከማምረሩም በላይ ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። ጌሾ በጠላና በጠጅ ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ምሬትና የጋዝ መንፈቅፈቅ አንድ ላይ ሆነው ስብን ከምላስ ላይ ያጥባሉ፤ ስለዚህ የሰባ ሥጋ የሚበላ ሰው ከእያንዳንዱ ጉንጭ በኋላ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደገና የሚጎርስ ያህል ይሰማዋል። ብቅሉ ክፉኛ ከተቆላ የሚገኘው ጥቁር ቢራ ቡናንና ቸኮላትን ያስታውሳል፤ ሦስቱም በእሳት የተቆሉ ፍሬዎች ናቸውና ዝምድናቸው የተፈጥሮ ነው።

የበርበሬ ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፤ አልኮልና ምሬት እንዲያውም ቃጠሎውን ያባብሱታል። እንግዲህ ሆፕ የበዛበትን መራራ ቢራ በአዋዜ ከተለወሰ ሥጋ ጋር የሚያቀርብ ሰው በእሳት ላይ እሳት ይጨምራል፤ የብቅል ጣፋጭነት ያለው ለስላሳ ቢራ ግን ያበርደዋል። እዚህ ላይ ከዶሮ ወጥ ጎን የሚቀመጠውን ዓይብ ማስታወስ ያሻል። በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚያቃጥለውን ነገር ይዞ ከምላስ ላይ ያነሣዋል። እናቶቻችን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳይገልጡ እዚህ ደርሰዋል።

ልብ ማለት የሚገባው ይህ ሁሉ በማንኛውም ምላስ ሊፈተን መቻሉ ነው። አንድ ግጥም ጥሩ ነው ወይም አይደለም ብዬ ስከራከር ተከራካሪዬ ብዙ ማንበብ ይኖርበታል፤ ካላነበበም ልንግባባ አንችልም። ምሬት ስብን ያጥባል ለሚለው ግን ማስረጃው አንድ ጉርሻና አንድ ጉንጭ ነው። ተሸካሚውም ፕሮፌሰሩም ምላስ አላቸው። ዕውቀቱ በባሕርዩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ መቀናጣት የሚሆነው ሰዎች በር ሲያበጁለት ነው።

በር ማበጀት ደግሞ እኛ የማናውቀው ጥበብ አይደለም። በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ግብር ላይ መጠጥ ይጣመር ነበር፤ ነገር ግን የሚጣመረው ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከሰውየው ማዕረግ ጋር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በፈረቃ እየገባ ይበላ ነበር። መኳንንቱ ቀድመው ከመጋረጃው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከዚያም እንደየደረጃቸው የበታቾቹ ይከተላሉ። ምርጡ ጠጅ በብርሌ ለፊተኞቹ ይቀዳል፤ ተራው ወደ ኋላ በሄደ መጠን ጠጁ እየቀጠነ፣ ጠላው እየበዛ ይሄዳል። በአዳራሹ የመጨረሻ ጥግ የተቀመጠ ወታደር የቀረበለትን ቀምሶ እምን ላይ እንደሚገኝ ማወቅ ይችል ነበር። ምላሱ የሚነግረው የምግቡን ሳይሆን የገዛ ራሱን ዋጋ ነው።

የግብርን ሌላውን ገጽ መካድ አይገባም። ብዙ ድኻ የጠገበበት፣ ወታደርና ጌታ በአንድ ጣሪያ ሥር የዋሉበት ሥርዓት ነበር፤ ከዚያ ያነሰ ቸርነት ያላቸው ቤተ መንግሥቶች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም። እኔን የሚያስጨንቀኝ የቸርነቱ መጠን አይደለም። ጥሩ መጠጥ ጥሩ ለሆነ ሰው፣ ቀጭን መጠጥ ቀጭን ለሆነ ሰው የሚለው አስተሳሰብ ጣዕምን የተፈጥሮ መብት አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ለጌታው ጠጅ ስለሚስማማው ጠጅ ይሰጠዋል፤ ጠጅ ስለሚሰጠውም ጌታ ነው። ክቡ እንዲህ ይዘጋል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የአሁኑ የቢራ እራት ወደ ፊት የተራመደ ነው። በገበታው የተቀመጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ቢራ ይጠጣሉ፤ የሚለወጠው ሳህኑ ሲለወጥ ብቻ ነው። መጠጡ የሚመዘነው በምግቡ እንጂ በጠጪው አይደለም።

ሆኖም ታሪኩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ የሚመረምር ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። በእነዚህ እራቶች የሚከበሩት ቢራዎች አብዛኞቹ የሠራተኛ መጠጦች ነበሩ። ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራ ስሙን ያገኘው በ18ኛው ምዕተ ዓመት በለንደን ጎዳናዎች ሸክም ይሸከሙ ከነበሩ ሰዎች ነው። ዛሬ በውድ ዋጋ ከጥቁር ቢራ ጋር የሚቀርበው ኦይስተር የተባለ የባሕር ፍጥረት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የለንደን ድኾች መብል ነበር። ሴዞን የሚባለው ቢራ በደቡብ ቤልጅግ የእርሻ መንደሮች የተወለደ የገበሬና የቀን ሠራተኛ ጥም ማርኪያ ነው። ጥምረቶቹን ያገኛቸው ሊቅ የለም፤ ያገኛቸው ከሥራ የተመለሰ ሰው ረኃብ ነው።

አሜሪካኖቹ ወደዚህ የመጡት ከማጣት ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ትንንሾቹን ከመዋጣቸው የተነሣ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዚያ ሰፊ አገር የቀሩት ቢራ ጠማቂዎች መቶ አይሞሉም ነበር። ፍሪትዝ ሜይታግ የተባለ ወጣት በ1965 በሳን ፍራንሲስኮ ሊዘጋ የተቃረበውን የአንከር ቢራ ፋብሪካ አብላጫ ድርሻ ገዝቶ የቆየውን አጠማመቅ አደሰ። በ1977 ማይክል ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ (ዘፋኙ አይደለም) የዓለምን ቢራዎች በዓይነታቸው ከፋፍሎ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ሰው በቤቱ ለራሱ ቢራ እንዲጠምቅ በር ከፈተ። በ2003 የብሩክሊኑ ጠማቂ ጋሬት ኦሊቨር ቢራን ከምግብ ጋር ስለ ማጣመር ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ የጠማቂዎቹ ቁጥር ከ9 ሺህ በላይ ነው። አንከር ራሱ ግን በ2023 በሩን ዘጋ።

መጠጡ ከፍ ወዳለው ገበታ ሲወጣ ጠጪው አብሮት ወጣ ወይ? እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬዬ። የተሸካሚው ቢራ በገበታው ራስ ተቀምጦ ተሸካሚው የመግቢያ ዋጋውን መክፈል ካቃተው፣ በግብር አዳራሽ የነበረው መጋረጃ ወደ በሩ ተዛወረ እንጂ አልተቀደደም። ልዩነቱ የድሮው መጋረጃ ይታይ የነበረ መሆኑ ነው።

ሌላም የጠፋ ሰው አለ፤ የጠማቂዋ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ቢራ መሰል መጠጥ የሚጠምቁትና የሚሸጡት በአመዛኙ ሴቶች ነበሩ። ሥራው ብዙ ገንዘብ፣ ትልቅ ጋንና ማኅበር የሚጠይቅ ሲሆን ቀስ በቀስ ከእጃቸው ወጣ፤ በ1600 ገደማ ወንዶች ይዘውት ነበር። ሴቶቹን አላዋቂ ናችሁ ብሎ ያስወጣቸው አልነበረም፤ ዕውቀታቸው ዕውቀት ተብሎ ስላልተመዘገበ ብቻ ሲሄዱ ማንም አላስተዋለም።

የእኛዋ ጠማቂ ገና አልሄደችም። ገብሱን አብቅላ፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ ጋኑን በወይራ አጥና፣ ጥንስሱን ጥላ፣ እንኩሮውን አንኩራ፣ ድፍድፉ መቼ እንደሚበጠበጥ በሽታውና በድምፁ ትለያለች። አየሩ ሲበርድ ስንት ቀን እንደምትጨምር ያስተማራት ቴርሞሜትር የለም። በደንቢያ ኮረፌ፣ በትግራይ ስዋ፣ በኦሮሞ አገር ፋርሶ እየተባለ እያንዳንዱ ከየአካባቢው እህልና ከየአካባቢው መብል ጋር ተላምዶ ኖሯል። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት በከተማው አነጋገር "ጠላ ሻጭ" ናት፤ ቃሉ ሲነገር ድምፁ ዝቅ ይላል። እኔ በምሠራበት መድረክም ብዙ ጊዜ የምትገባው ልታስቅ ወይም ልትወቀስ ነው፤ ስለ ሥራዋ አንድ አረፍተ ነገር ሳትናገር ትወጣለች። ጸሐፌ ተውኔቶች ይህን ብንመረምር ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእሷ ሥራ ልንማር እንችላለን። የምዕራቡ ገበታ እንደ ተውኔት በትዕይንት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ እያንዳንዱ የራሱን መጠጥ ይዞ። በእኛ መሶብ ግን ቀዩም አልጫውም ሽሮውም ጎመኑም በአንድ እንጀራ ላይ በአንድ ጊዜ ይቀርባሉ፤ የበላተኛው እጅ እንደ ፈለገ ይዘዋወራል። ስለዚህ መጠጡ ለአንዱ ብቻ የተስማማ ሊሆን አይችልም። ጠላ ከሁሉም ጋር መቆም አለበት፤ ለስቡ ምሬት፣ ለበርበሬው ለዘብ ያለ ገብስ፣ ለጎመኑ የወይራ ጢስ ይዞ። ይህ ጥምረትን አለማወቅ ሳይሆን የከበደ ጥምረት ነው። አንድን ቢራ ለአንድ ሳህን መምረጥ ባለ ሁለት ድምፅ ዜማ እንደ መጻፍ ከሆነ፣ ይኸኛው የመዘምራን ሥራ ነው። የሁለቱን ብልጫ ለመወሰን አልቸኩልም፤ በተራ መብላት ትኩረትን ያስተምራል፤ እኛ በአንድ ጊዜ ስንበላ ጣዕሙን ሳናስተውለው የምንውጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው እራት በአገራችን ይሰናዳ ቢባል ገበታውን በሐሳቤ ለመዘርጋት አልቸገርም። በመጀመሪያ ቆሎና ቀጠን ያለ ጠላ፤ ቀጥሎ ሽሮና ኮረፌ፤ ከዚያ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣና ጌሾው ያልበዛ ጠጅ፤ መጠጥ ለማይጠጣ ሰው ከሁሉም ጋር ብርዝ። ተነሥተው የሚያስረዱት የጠመቁትና የጣሉት ሴቶች ራሳቸው ይሁኑ፤ አስረድተው ሲያበቁም ወደ ጓዳ አይመለሱ፣ ወንበር ይሰጣቸው። የመግቢያውን ዋጋ በተመለከተ፣ የጌሾውን፣ የማርና የማገዶውን ሒሳብ ከእነሱ ይበልጥ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ተማኞቹ እነሱ ቢሆኑ እመርጣለሁ።