ጭነቱ ያው፣ አጫጫኑ ሌላ

ልጄ፣ ለኤችዲፒ፣ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ሥልጠና፣ የጻፍሽው ወረቀት ደርሶኛል። መነጽሬን ወልውዬ ደጋግሜ አነበብኩት። «ስለ ማስተማር ያለኝ እምነት» ብለሽ ተማሪን አከብራለሁ፣ በፍትሕ እመዝናለሁ፣ ጠያቂ አእምሮ አፈራለሁ ትያለሽ። አጻጻፍሽ ያምራል፤ የወንድሜ ልጅ ስለሆንሽ ብቻ አይደለም ይህን የምለው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሥልሳ ተማሪ ፊትሽ ተደርድሮ ሳለ፣ ከዚህ ሁሉ የትኛው በዓይን ይታያል? ተማሪዎችሽ ወረቀቱን አላነበቡትም፤ አያነቡትምም። እነሱ የሚያነቡት አንቺን ነው። ካልታየ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። እዚህ ጀልዴሳ ጠጁን ትተን በሻሂ እንተካዋለን እንጂ ምሳሌውስ ከደጃችን አለ። መንደራችን ዛሬ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች ፀጥ ያለች የቆላ መንደር ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ግን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ እዚህ ያርፍ ነበር። ከባሕሩ ዳር እስከዚህ ጭነቱን የሚያመጣው የኢሳ ግመለኛ ነው። ግመል ደግሞ የሐረርን ዳገት አትወድም። ስለዚህ እቃው እዚህ ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ ነጂው ኦሮሞ ነው። ጨርቁ ያው ጨርቅ፣ ጨውም ያው ጨው፤ የተለወጠው ማሰሪያውና ሚዛኑ ነው። በግመል ልክ የታሰረውን እንዳለ አንሥቶ በአህያ ላይ የጣለ ነጋዴ አህያውንም እቃውንም ከገደል ሲለቅም ይውላል። አንቺም እምነትሽን ከእናትሽ፣ ከመምህሮችሽ፣ ካደግሽበት ሰፈር ይዘሽው መጥተሻል። ክፍሉ ሌላ መንገድ ነውና ፈትተሽ እንደገና መጫን አለብሽ።

ከአክብሮት ልነሣ። ተማሪ አላከብርም የሚል መምህር በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ስታዪ ግን ሌላ ነው። ተማሪሽ ከሽንሌ ይሆናል፣ ከደብረ ማርቆስ ይሆናል፣ ከሶዶ ይሆናል። ሐሳቡ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ ወይም በወላይትኛ ነው የሚወለደው፤ ጥያቄሽ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ መልሱም በእንግሊዝኛ ይፈለጋል። ልጁ ሐሳቡን ከወዲያ ወዲህ እስኪያሻግር ከተማ ያደጉት የፊት ረድፍ ልጆች መልሰው ጨርሰዋል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ «ሴክሽኑ ጥሩ ይሳተፋል» ብለሽ ሪፖርት ትጽፊያለሽ። የተሳተፉት እነዚያው ናቸው፤ የቀረው ሲያዳምጥሽ ከርሟል፣ ወይም ያዳመጠ መስሎሻል።

እንዲህ አድርጊ። ጥያቄውን በቃል አትበዪው፣ ሰሌዳ ላይ ጻፊው። ማንም እጁን እንዳያወጣ ንገሪያቸው። ሁሉም በደብተሩ ሁለት መስመር ይጻፍ፣ በመጣለት ቋንቋ። ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ጋር ይመካከር፤ በእንግሊዝኛ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። «አቦ አባባ፣ ጊዜው የት አለ?» ማለትሽ አይቀርም። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሃምሳ ስላይድ አሳልፈሽ ኮርሱን በሰዓቱ ብትጨርሺ፣ የጨረስሽው አንቺ ነሽ፤ እነሱ ገና አልጀመሩትም።

ይህ ደግሞ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። እዚህ ቆላ ውስጥ ሔር ኢሴ የሚባል ያልተጻፈ ሕግ አለ። በ44 ሽማግሌዎች እንደተደነገገ ይነገራል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። የኢሳ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ተመልክተሻል፤ ባለጉዳዩ የቱንም ያህል ቢያንዛዛ እስኪጨርስ ይደመጣል። ቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ኋላ ቀርቦ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያቀኑለታል። ቁርአን ቤትም ልጁ ሎሑን ይዞ ቀርቦ በራሱ አንደበት ነው የሚያሰማው፤ ማዓሊሙ ስለ እሱ አይቀራለትም። ሥልጠናው ላይ አክቲቭ ለርኒንግ የሚባል አዲስ ነገር ከባሕር ማዶ መጣ ሲሉሽ ፈገግ በዪና ተቀበዪ። ከነባሮቹ ቤቶች ዱላውን ብቻ አትውረሺ። በሁለቱም ቤት ዱላ ነበረ፤ ስናመሰግናቸው ይህን መዝለል ለምዶብናል።

ዱላ ስል አርጩሜውን ብቻ አይደለም። «መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል» እያልን እናሳድጋቸዋለን፤ ደፍሮ የጠየቀውን ደግሞ «ይህን እስካሁን አታውቅም?» ብለን በጓደኞቹ ፊት እናፈርሰዋለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያልሽውን እስከ ምሳ ሰዓት ትረሺዋለሽ፤ ልጁ ግን እስኪመረቅ ይዞት ይዞራል፤ አጠገቡ ሆነው ያዩትም ዳግም አፋቸውን አይከፍቱልሽም። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ ደግሞ «አላውቀውም፣ ረቡዕ አይቼ እመጣለሁ» በዪና ረቡዕ ይዘሽው ግቢ። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ ስለ ጠያቂ አእምሮ ሌላ ንግግር አያስፈልገውም።

ፍትሕ ያልሽው ማርክ ላይ ነው የሚፈተን። ከምን ከምን ነጥብ እንደምትሰጪ ከፈተናው በፊት ንገሪያቸው፤ በወረቀት አባዝተሽ ብትሰጪ ይበልጣል። የመልስ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ፣ የመታወቂያ ቁጥር ይበቃል። ስታርሚ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አትጨርሺ፤ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ አርመሽ ወደ ሁለተኛው እለፊ። አለዚያ ማታ ሲደክምሽ የሚታረመው ልጅ ጠዋት ከታረመው ጋር እኩል አይዳኝም። የታረመውን መልሺላቸው። ተማሪ ወረቀቱን ይዞ «እዚህ ጋ ተጎድቻለሁ» ብሎ ሲመጣ አትቆጪ፤ ከተጎዳ ጨምሪለት፣ ካልተጎዳ ምክንያቱን አሳዪው።

ስልክም ይደወልልሻል። ዘመድ ይደውላል፣ የጎረቤት አባት ይደውላል፣ አለቃ ይደውላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ከተረቶቻችን ሁሉ እኔ የማልወደው እሱን ነው። አበው ያሉት ሁሉ ምክር አይደለም፤ አንዳንዱ ስላቅ ነው፤ እኛ ግን እንደ መመሪያ ይዘነው ቁጭ አልን። ለደዋዩ ክፉ ቃል አትመልሺ፤ ሰው በልጁ ይሞኛል። «እግዜር ያክብርልኝ ስለደወሉ፤ ልጁ ቢሮ ይምጣና ወረቀቱን አብረን እናየዋለን» በዪው። ይህንኑ በር ደዋይ ለሌለው ተማሪ ከከፈትሽለት ፍትሕ ያልሽው ነገር ያኔ ቆመ። ነገ እኔም ተታልዬ ብደውልልሽ መልሱ ያው ይሁን፤ አልቀየምም። ብቀየምም ያልፍልኛል።

የቡድን ሥራን በአጭሩ ልለፈው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ የዩኒቨርሲቲ አሳይመንት ላይ ግን ሃምሳውንም አንዱ ተሸክሞ የሁሉም ስም ይጻፋል። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ቆሞ ያስረዳ፤ ማን እንደሚያስረዳም በዕለቱ አንቺ ምረጪ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ራሱ ልምጣ። የምታስተምሪው ሃይድሮሎጂ ነው፤ ከተማሽ ደግሞ ድሬዳዋ ናት። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው በላ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው፤ ታች ያለው ከተማ ጠብታ ሳያይ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። እዚያ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ በሚፈስ የሩቅ አገር ወንዝ ብቻ ስሌት የሚያሠራ መምህር ጠያቂ አእምሮ አፈራለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ተማሪዎችሽን ወደ ወንዙ ዳር ላኪያቸው። ያን ሌሊት ያዩትን ሰዎች ውሃው ግድግዳው ላይ እስከ የት እንደደረሰ ይጠይቋቸው፤ ይለኩት፤ ከዚያ ከስሌታቸው ጋር ያስተያዩት። የሐዘን ቤት ነውና አጠያየቁን አስቀድመሽ አስተምሪያቸው፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አይተው ነው ከእነሱ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ያስተዋሉት። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ላቦራቶሪው ኋላ መጣ፤ የቀደመው ሠራተኛ ሴትን ቆሞ ማየት ነው። ከዳገቱ ላይ ያለው ሐረማያም እንዲሁ ነው። የእርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1956 ከጅማ ወደዚያ ሲዛወር የኦክላሆማ መምህራን ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ማድረስን አንድ ላይ የያዘውን የአገራቸውን ልማድ ይዘው መጡ። ያም ከባሕር ማዶ የመጣ ጭነት ነው፤ ፍሬውን የሚሰጠው ግን የሐረርጌን ማሽላና የሐረርጌን ገበሬ ሲያውቅ ብቻ ነው።

የመውጫ ፈተናው እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ። ከ2015 ወዲህ ሃምሳ ያላመጣ አይመረቅም፤ ዲፓርትመንቱም «ለፈተናው አዘጋጂያቸው» ይልሻል። ፈተናውን አትናቂ፤ ልጁ እንጀራው እዚያ ላይ ነው። ያለፉ ጥያቄዎችን አሠሪያቸው፤ ነገር ግን «መልሱ ሐ ነው» ብለሽ አትለፊ፤ ሀ፣ ለ እና መ ለምን እንዳልሆኑ አስነግሪያቸው። ደግሞም ከፊትሽ ያሉት እነማን እንደሆኑ አትርሺ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) በኩል ተንገዳግደው የሚገቡ ብዙዎች ናቸው። መምህራን ሻሂ ላይ ተሰብስበው «ከታች ተበላሽተው መጥተው ምን እናድርግ» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ከታች መበላሸቱ እውነት ነው። ያን እውነት እየደጋገሙ ግማሽ ሰዓት አሳጥሮ ከክፍል መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደሞዙ አነስተኛ መሆኑም ለዚያ ምክንያት አይሆነኝም። ለእነዚህ ልጆች መመዘኛውን ዝቅ አታድርጊላቸው፤ መሰላሉን አብዢላቸው። በየሳምንቱ አጭር ኩዊዝ፣ በማግስቱ የታረመ ወረቀት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን እኛ ለትዕግሥት እንጠቅሰዋለን፤ እንቁላሉ እንዲሄድ ግን በየቀኑ የታቀፈችው ዶሮ መኖሯን እንዳትረሺ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ልሥራ ብለሽ እንዳትነሺ። ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት ነው። አንዱን ምረጪ። እኔን ከጠየቅሽ ከማርኩ ጀምሪ፤ ማርክሽን ያላመነ ተማሪ ሌላውን ቃልሽን አያምንም። የመረጥሽውን በመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፦ «እኔ ዘንድ ወረቀት በሳምንት ውስጥ ታርሞ ይመለሳል» ብለሽ። የተነገረ ነገር ያስራልና ጥሩ ገመድ ነው። ሚድ ካለፈ በኋላ ስም ያልተጻፈበት ግማሽ ወረቀት አስሞያቸው፤ ያልሽውንና ያደረግሽውን ለይተው ይጻፉልሽ። አንዳንዱ ያቃጥልሻል። አንዳንዱ ስለ ካፌው ምግብ ይጽፍልሻል፤ እሱን ለሚመለከተው አድርሺ።

ደቻቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ እኛም የአሸዋ ወንዝ አምጫቸው፤ የድሮውን ጎርፍ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን ሰብስቤ እጠብቃችኋለሁ፤ በሶማሊኛም በኦሮምኛም የሚያስተረጉም ከመካከላቸው አይጠፋም። ግን ማልዳችሁ ኑ። ቆላው ከአምስት ሰዓት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም አያዝንም፤ ውሃም በየጀርባችሁ ያዙ።