ሥራ ለሠሪው፣ ሹመትስ ለማን?

“ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው” ይላል ተረታችን። ሙያ ላለው ሰው ሥራውን ልቀቅለት ማለቱ ነው። መልካም ምክር ነው። ዳሩ ግን ሠሪው ሥራውን አሳምሮ ሲሠራ ኖሮ ወንበሩ ሁልጊዜ ለሌላ ሲሰጥስ ምን እንበል? በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አዲስ ገቢውን ሁሉ ያስተምራል፤ አለቃ ሲሄድ “በተጠባባቂነት” ይቀመጣል፤ ሌላ ሲሾም ወደ አሮጌ ጠረጴዛው ይመለሳል። እኛም “ትሑት ነው፤ ሥራውን ይወዳል” እያልን እናመሰግነዋለን። ለመሆኑ ይህ ምስጋና ነው ወይስ ዕዳን በከንፈር መክፈል?

ጥያቄውን አጥርቶ ለማየት ከሰፈራችን ራቅ ያለ፣ ይሉኝታ የማያስይዘን የሕይወት ታሪክ ብንመረምር ይሻላል። ታሪኩ የአንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካኖች “ፉትቦል” የሚሉት ጨዋታ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ያለው ዝምድና የስም ብቻ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይወረወራል፣ በእጅ ይቀለባል። ከ11ዱ ተከላካዮች መካከል የተወረወረውን ኳስ ባላጋራ እንዳይቀልበው የሚጠብቁት የኋላ ተከላካዮች ይባላሉ። ሥራቸው አስቸጋሪ ነው። ኳስ ለመቀበል የሚሮጠው ሰው ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ያውቃል፤ ተከላካዩ አያውቅም። ስለዚህ ወደ ኋላ እየሮጠ የሰውየውን ሐሳብ ከእንቅስቃሴው መገመት አለበት። በደንብ ከጠበቀ ኳሱ ወደሱ አይወረወርምና ስሙን የሚያነሳ የለም። አንዴ ከተሸወደ ግን ስታዲየሙ በሙሉ ያየዋል። እነዚህን ሰዎች የሚያሠለጥነው ረዳት አሠልጣኝ ደግሞ ከነሱም በስተጀርባ ነው።

ኤሚት ቶማስ የተወለዱት በ1943 በቴክሳስ፣ አንግልተን በምትባል ከተማ ነው። የተማሩት ቢሾፕ በተባለ የጥቁሮች ኮሌጅ ነበር። በ1966 ቡድኖች በየተራ ወጣቶችን በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ ስማቸውን የጠራ አልነበረም። ኋላ የወሰዳቸው ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ነው። በዚያ ቡድን 13 ዓመት ተጫውተው 58 ኳስ ከባላጋራ ነጠቁ፤ 12ቱን በ1974 ብቻ። በጥር 1970 ቺፍስ ሚኔሶታን 23 ለ7 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ሲወስድ ኳስ ከነጠቁት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ወደ ዝነኞች አዳራሽ የገቡት ግን በ2008፣ ጫማቸውን ከሰቀሉ ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

አሠልጣኝነትን በኮሌጅ ጀምረው በ1981 ወደ ትልቁ ሊግ፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በረዳትነት መጡ። ከ1986 ጀምሮ 9 ዓመት በዋሽንግተን ቡድን ሲሠሩ፣ ቡድኑ በ1988 እና በ1992 ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። ቶማስ በመጀመሪያ ኳስ ተቀባዮችን፣ ኋላም የኋላ ተከላካዮችን ነበር የሚያስተምሩት። በእጃቸው ካለፉት መካከል አርት መንክና ዳሬል ግሪን ይገኛሉ። በ2008 ወደ ዝነኞች አዳራሽ ከገቡት 6 ሰዎች እነዚህ ሁለት ተማሪዎችና መምህራቸው ሦስቱ ነበሩ። አንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያቀርባል?

ከ1995 እስከ 2001 በፊላዴልፊያ፣ በግሪን ቤይና በሚኔሶታ የመከላከሉ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ለዚህ ደረጃ ያበቋቸው ዋና አሠልጣኞች ሬይ ሮድስና ዴኒስ ግሪን፣ ሁለቱም ጥቁሮች ነበሩ። እንዲህ ያሉ አሠልጣኞች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከፍሪትዝ ፖላርድ የ1920ዎቹ ዘመን ወዲህ በ1989 አርት ሼል እስኪሾሙ ድረስ በሊጉ አንድም ጥቁር ዋና አሠልጣኝ አልነበረም። ቶማስ ሥራ ሲጀምሩ ከላይ የሚያዩት ወንበር ከፖላርድ ዘመን ወዲህ ለመሰላቸው ሰው ተሰጥቶ የማያውቅ ነበር ማለት ነው።

የዋና አሠልጣኝነቱ ወንበር አንድ ጊዜ ደረሳቸው። ዘመኑ ታኅሣሥ 2007፣ ቡድኑ አትላንታ ፋልከንስ ነበር። የቡድኑ ኮከብ ማይክል ቪክ የ23 ወር እሥራት ተፈርዶበታል። በማግሥቱ ዋና አሠልጣኙ ቦቢ ፔትሪኖ በተጫዋቾቹ መቆለፊያ ሣጥን አጭር የስንብት ደብዳቤ ትቶ ወደ አርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የ64 ዓመቱ ቶማስ ለቀሩት 3 ጨዋታዎች ተጠባባቂ ተባሉ። ሁለቱን ተሸነፉ፤ የመጨረሻውን ሲያትልን 44 ለ41 አሸነፉ። በጥር 2008 ማይክ ስሚዝ ተሾሙ። ቶማስም ወደ ኋላ ተከላካዮቻቸው ተመለሱ። ከ2010 ጀምሮ በቀድሞ ቡድናቸው በቺፍስ ሲያስተምሩ ቆይተው ከ2018 የውድድር ዘመን በኋላ ጡረታ ወጡ። በአሠልጣኝነት ካሳለፉት 40 ዓመት፣ የሊጉ ዋና ወንበር ላይ የተቀመጡት ለ3 ጨዋታ ብቻ ነው።

መቸም ሁሉም አስተማሪ መሪ አይሆንም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በጥር 2001 እሳቸው የመሩት የሚኔሶታ መከላከያ በአንድ ከባድ ጨዋታ 41 ለ0 ተደፍሮ ነበር። በአትላንታም የተሾሙት ስሚዝ በመጀመሪያው ዓመት 11 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ሹመቱ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም ክርክሩ ሙሉ የሚሆነው ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ሲሆን ነው። ፔትሪኖ አትላንታን ጥለው ሲሄዱ ያላቸው ውጤት 3 ድልና 10 ሽንፈት ነበር፤ አዲስ ሹመት የጠበቃቸው ግን ያኔውኑ ነው። ለአንዱ ሽንፈት ልምድ ሲባል፣ ለሌላው ሽንፈት የአቅም ማነስ ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ሊጉ ራሱ ይህን ያመነ ይመስላል። በ2003 ዋና አሠልጣኝ የሚፈልግ ቡድን ቢያንስ አንድ ነጭ ያልሆነ ዕጩ ጠርቶ እንዲያነጋግር የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሹሙ አላለም፤ ጠይቁ ነው ያለው። መጠየቅ እንኳ ደንብ አስፈለገው!

እንግዲህ ሁለት ሒሳብ አለ፤ መደባለቅ የለባቸውም። አንደኛው የሠሪው ነው። በጸጥታ መሥራት፣ የሌላውን ሰው እግር ማቅናት፣ ሳይታዩ መርካት ክቡር ነገር ነው። ግሪን በጨዋታው ለተጎናጸፈው ዝና የቶማስ ድርሻ ዋና አሠልጣኝ አልተባሉምና አይቀንስም። ሹመት ያጣ ሕይወት የባከነ ሕይወት ነው የሚል ሰው ሥራን የማያውቅ ነው።

ሁለተኛው የሿሚው ሒሳብ ነው። ሿሚው በሠሪው እርካታ ዕዳውን ሊያወራርድ አይችልም። ትዕግሥት የታገሠው ሰው ሀብት ነው፤ ያስታገሠው ሰው እንደ ደረሰኝ ሊያሳየው አይገባም። “ሥራቸውን ይወዱ ነበር” የሚለው ቃል ስለ ሠሪው እውነት ሊሆን ይችላል። ሿሚው ሲናገረው ግን ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ወንበሩን ትፈልጋለህ ወይ?” የሚለው ነበር። ሰውየው “አልፈልግም፤ እዚሁ ላስተምር” ካለ ትሕትናው የራሱ ምርጫ ነው። ማንም ሳይጠይቀው የኖረ ሰው ግን ትሑት ይሁን ዝም የተባለ፣ በምን እናውቃለን?