በሰው ልማድ መሳቅ ኃጢአት ነውን?

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በላይ ጋይንት በኩል ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ የሚጓዝ እንግዳ ሰው፣ ገና የመጀመሪያውን ገደል ሳይወርድ የሚያስቀው ነገር አያጣም። የሚሄድበት መንደር ሩቅ መሆኑን ሲጠይቅ «እዚህች ናት» ይባላል፤ መንገዱ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ አያልቅም። ርቀቱ የሚታወቀው በቃሉ ሳይሆን በድምፁ ርዝመት መሆኑን የሚረዳው ቆይቶ ነው። «እዚያ» በአጭሩ ከተባለ በእርግጥ ቅርብ ነው፤ ቃሉ እየተሳበ ከሄደ ግን ስንቅ ያስፈልጋል። ያነጋገረው ገበሬ ትንፋሹን በድንገት ወደ ውስጥ ሲስብ የደነገጠ ይመስለዋል፤ ገበሬው ግን «አዎን» ማለቱ ነው። በእስቴ ገበያ ሁለት ጐልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ያያል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ደጋግመው ሲጠያየቁ ይሰማል፤ መልሱም ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በመጨረሻ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ቢጠይቅ «ሦስት ሰዓት» ይሉታል፤ የእርሱ ሰዓት ግን ዘጠኝ ይላል።

እንዲህ ያለውን ነገር መንገደኞች ከጥንት ጀምረው በማስታወሻቸው ሲመዘግቡ፣ ለወዳጆቻቸውም ሲያወጉ ኖረዋል። የእኛም የከተማ ሰዎች ከገጠር በተመለሱ ቍጥር እንዲሁ ያወጋሉ። እንግዲህ በሰው ልማድ መሳቅ ኃጢአት ነውን? ይህን ያህል ቀላል ነገር በኃጢአት መዝገብ መፈለግ አይገባም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥቂት ቢታገሠን፣ ነገሩ ከስምንተኛው ትእዛዝ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ እናሳየዋለን።

አስቀድመን ሳቅን ከክስ ነጻ እናውጣው። ያልጠበቀውን ነገር ያየ ሰው ይስቃል፤ ይህ በተፈጥሮአችን ያለ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ፣ ጨዋታን ፈጽሞ የሚጠላና የሌላውንም ደስታ የሚያደናቅፍ ሰው እንደሚሳሳት አስተምሯል። ሌላውን ለማሳፈር ተብሎ የሚደረገውን ፌዝ ግን ከኃጢአት ቈጥሮታል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ያለበት ሳቅ ክፉ ነው። የሚያስቸግረው ግን ሌላው ዓይነት ነው። ማንንም ለማሳፈር ያላሰበ፣ ምናልባትም አገሩን የሚወድ ሰው፣ ያየውን እውነት ለጨዋታ ያህል ሲያወራ ባልንጀራውን ሊበድል ይችላልን? ይችላል ብለን እናምናለን።

የሰዓቱን ነገር እንመልከት። ለእንግዳው ሰዓታችን በስድስት ሰዓት የተሳሳተ ይመስላል። ነገር ግን ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቍጠር የወንጌሉ ሰዎችም አቈጣጠር ነበር። ጌታችን የወይኑን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ሲናገር፣ የመጨረሻዎቹ የተቀጠሩት በዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። አውሮፓዊው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይህን ሲያስተምር ሰዓቱ ሊመሽ የተቃረበ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ በስማዳ ያለ እረኛ ልጅ ግን ዐሥራ አንድ ሰዓት ከብት ወደ ቤት የሚመለስበት ሰዓት መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ያስቀን የነበረው ነገር ምክንያቱን ስናውቅ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ወደ ውስጥ የሚሳበው «አዎን»ም የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሰሜን ስዊድን የሚኖሩ ሰዎችም ትንፋሻቸውን እንዲሁ ወደ ውስጥ ስበው እሺታቸውን ይገልጻሉ።

እንግዲህ ጕዳቱ የት ይጀምራል? ሁለት መንገደኞችን እናስታውስ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይን አየ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1790 በአምስት ቅጾች አሳተመ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕጋቸው፣ ስለ ዕፀዋቱና ስለ አራዊቱ ብዙ ጻፈ። ለአውሮፓ ሊቃውንት ጠፍቶ የኖረውን መጽሐፈ ሄኖክንም በግእዝ ቅጂ ይዞ ተመልሷል። ነገር ግን በለንደን የብዙዎች መነጋገሪያ የሆነው፣ ገና በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ተቈርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ ነበር። ገሚሶቹ ሐሰተኛ ነው ብለው በእርሱ ሳቁ፤ ገሚሶቹ አምነው በእኛ ሳቁ። ሄኖክን የጠበቀው ሕዝብ ተረሳ፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሕዝብ ታወሰ። ሁለቱ ግን አንድ ሕዝብ ናቸው።

ሁለተኛው ከለንደን ማኅበር ወደ ቤተ እስራኤል የተላከው ሄንሪ ስተርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት በድኽነታቸው ዘመን ኮሶ ሸጠው ይኖሩ እንደ ነበር ጻፈ። ለለንደን አንባቢ ይህ ስለ ሩቅ አገር መድኃኒትና ስለ አንድ ንጉሥ አነሣሥ የሚነገር አስገራሚ ወሬ ነው። ለልጃቸው ግን ጠላቶቻቸው ሲሰድቧቸው የኖሩበት ስድብ ነበር። በ1863 ስተርን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ አስተርጓሚዎቹ ሲደበደቡ፣ በጭንቀት ጣቱን ወደ አፉ አድርጎ ነከሰ። ይህም በዚያ የነበሩት ሰዎች ዘንድ የበቀል ዛቻ ተብሎ ተተረጐመ፤ እርሱም ተደበደበ። ኋላ ጽሑፎቹ ተመርምረው ስለ እናታቸው የጻፈው በተገለጠ ጊዜ ነገሩ ባሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ስተርን በመቅደላ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ የተፈታውም በሚያዝያ 1868 ነው። አስተርጓሚዎቹን ለሞት ያበቃው ጭካኔ በምንም አይጸድቅም። ሆኖም በነገሩ ውስጥ ሁለቱም ወገን ስቷል፤ አንዱ የሰውን እናት ለወሬ አደረገ፣ ሌላው የእንግዳውን እጅ ሳይጠይቅ ተረጐመ። አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፤ የተጻፈ ቃልም ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

በሌሎች ከመፍረድ የራሳችንን እንናገር። ለትምህርት በሮም በነበርንበት ጊዜ፣ አንድ ማታ በማዕድ ዙሪያ እያንዳንዱ ስለ አገሩ አስቂኝ ነገር ይናገር ነበር። ከኔፓል የመጣ አንድ ካህን፣ የአገሩ ዘመን ከአውሮፓው በ56 ወይም በ57 ዓመት እንደሚቀድም ነገረን። እኛም የእኛው በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚዘገይ ስንነግረው፣ «አውሮፓ በመካከላችን ስለ ተቀመጠ ሁለታችንን የተሳሳትን አደረገን» ብሎ አሳቀን። ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ። ከስማዳ ከወገዳ ተነሥተን ወደ በሽሎ ቈላ የወረድንበትን ቀን አወራን። ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ «እዚህች ናት» እንዳለን፣ እኛም ጨለማ ውስጥ እየተደናቀፍን እንደ ደረስን፣ የአንዱን ሽማግሌ ድምፅ እየቀዳን ተረክን። ማዕዱ ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። ኔፓላዊው ካህንም ከሁሉ ጋር ከሳቀ በኋላ፣ «ስትደርሱስ እንዴት ተቀበሏችሁ?» ብሎ ጠየቀን።

መልሱን ስናስብ አፈርን። በደረስንበት ደጅ ቆመን «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብለን ነበር፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ተባልን። ሃይማኖታችንን የጠየቀ አልነበረም። አንዲት አሮጊት እናት ውኃ አሙቀው በገበቴ አቀረቡና፣ እንቢ ብንላቸውም ጐንበስ ብለው እግራችንን አጠቡን። የማሽላውን እንጀራ እየበላን ስለ መንገዱ ርዝመት ስናጕረመርም፣ «አባቴ፣ ሩቅ ነው ቢሉዎ ኖሮ ይመለሱ አልነበረም? በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ማን ያሳድርዎ ነበር?» አሉን። «እዚህች ናት» የርቀት ልክ ሳይሆን የደከመን ሰው ማበርቻ ኖሯል። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ከትረካው ያወጣነው ስለ ረሳነው አይደለም፤ ቀልዱን ስለሚያበላሽ ነው። የተናገርነው ሁሉ እውነት ነበረ፤ እነዚያ ሰዎች ግን በዚያ ማዕድ የሐሰት ምስክር ተመስክሮባቸዋል።

እንግዲህ የደረስንበት ይህ ነው። በልማድ መሳቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሳቁ እንዳይቋረጥ ብለን ከምናውቀው እውነት ሰውየውን የሚያስከብረውን ክፍል ቈርጠን ስንጥል ግን ስምንተኛውን ትእዛዝ እንነካለን። ሐሰተኛ ምስክር የሚሆነው ያልሆነውን የሚናገር ብቻ አይደለም፤ ከሆነው መካከል የሚያስቀውን ብቻ መርጦ የሚናገርም ነው። መለኪያውም ቀላል ነው። የምናወራለት ሰው ድንገት በር ከፍቶ ቢገባ፣ ታሪኩን ሳንቈርጥ እንቀጥላለን? እርሱስ ከእኛ ጋር ይስቃል?

ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን የጨዋታ ጕዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1603 የመጣው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋውን ተምሮ፣ ሰውን አዳምጦ በትዕግሥት ሠራ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሕዝቡን ጾም፣ የበዓላቱን አቈጣጠርና ሥርዓተ አምልኮውን እንደ ስሕተት አይቶ ለመለወጥ ቸኰለ። ደም ፈሰሰ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። የዚያ ዘመን ቍስል ለረጅም ዘመን አልሻረም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ መጡ። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው የሕዝቡን ልብስ ለብሰው፣ ምግቡን ተመግበው፣ በቋንቋውና በሥርዓቱ ስለ ኖሩ ነው።

ልማድ ሁሉ ምክንያት ካለው ታዲያ ምንም አይነቀፍምን የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይነቀፋል። ሴት ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር በአገራችን የቈየ ልማድ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅም ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ልማድ የሚያስለቅስ እንጂ የሚያስቅ አይደለም። የሚገሥጽ ሰው የተበደለችውን ልጅ አይቶ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል፤ የሚሣለቅ ግን ስቆ ያልፋል። በሕዝቡ ልማድ ሲስቅ የኖረ ሰው መገሠጽ በሚገባው ቀን የሚሰማው አያገኝም።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፦ ዛሬ ወደ ደጃችን የሚመጣው እንግዳ ሁልጊዜ ለጕብኝት የወጣ መንገደኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ ሰዎች ቤታቸውንና ከብታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ልጁን ወደ ትምህርታችን ሲልክ፣ ሌሎቹ ልጆች በአነጋገሩ፣ በሰላምታውና በአለባበሱ ቢስቁ መምህሩ ምን ያደርጋል? ልጆቹን ስለ ሳቁ ብቻ አይቈጣ። ከዚያ ይልቅ ልጁን በመካከል አስቀምጦ፣ በአገሩ እንግዳ በመጣ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ይጠይቀው። ምናልባት ስለ ገበቴውና ስለ ሞቀው ውኃ ይነግራቸዋል።

እኛ ካህናት በጸሎተ ሐሙስ የምእመናንን እግር ስናጥብ በዓመት አንድ ቀን የምንፈጽመውን፣ እኒያ እናት መንገደኛ በመጣ ቍጥር ያደርጉታል። ከዚያች ማታ ወዲህ የበሽሎን መንገድ ታሪክ ዛሬም እናወራለን፤ ሰዎችም ይስቃሉ። ነገር ግን ውኃው ሞቆ እግራችን እስኪታጠብ ድረስ ታሪኩን አናቆምም።