እሽቅድምድምና አማና

«በመኪና መሽቀዳደም ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ የዓሊሞች ድርሻ ነው። ሆኖም ከፈትዋው አስቀድሞ እያንዳንዳችን ልናስብበት የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ። ተሽቀዳዳሚው ለማሸነፍ ሲል የሚያስይዘው ነገር የማን ነው?

ለምሳሌ ያህል ድራግ ሬሲንግ የሚባለውን እንመልከት። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙና አረንጓዴ መብራት ሲበራ በአጭርና ቀጥ ባለ መንገድ ይፈተለካሉ። አሜሪካ ውስጥ በከፍተኛው ምድብ የሚወዳደሩት ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በካሊፎርኒያ ግዛት በፖሞና ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚካሄደው ውድድር ለአያሌ ዓመታት የወቅቱ መክፈቻ ነበር። ሙስሊሞችም ለዚህ ስፖርት እንግዳ አይደሉም። አል-አናቢ የተባለው የቀጠር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010፣ በ2011 እና በ2013 በዚያው ምድብ ሻምፒዮን ሆኗል።

በመክፈቻው ቀን የሁሉም ነጥብ ዜሮ ነው። ወራት የተለፋበት ሞተር የሚፈተነው ያን ቀን ነው፤ ሁሉም ራሱን ለማሳየት ይቸኩላል። ሾፌሩ በጉዞው መሐል መኪናው ከእጁ ሊወጣ መሆኑ ቢሰማው ምን ያድርግ? እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቢያነሳ ይሸነፋል። ባያነሳ ምናልባት ያሸንፋል፤ ምናልባትም አይመለስም። ጀግናው የትኛው ነው?

ኢስላም የእሽቅድምድም ጠላት አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ ተሽቀዳድመዋል። ፈረሶችንም አሽቀዳድመዋል፤ ለውድድር የሠለጠኑትን ከሐፍያእ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ፣ ያልሠለጠኑትን ደግሞ ከዚያ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ ባለው አጭር ርቀት። ልብ እንበል! ሁሉም እንደ አቅሙ ወሰን ተበጅቶለታል።

የአሜሪካው ስፖርት ወደዚህ ጥበብ የተጠጋው በሞት ተገፍቶ ነው። ስኮት ካሊታ የተባለው ሾፌር እ.ኤ.አ. ሰኔ 2008 በኒው ጀርሲ ግዛት ሞተሩ ፈንድቶ፣ መኪናው ሳይቆም ከመንገዱ መጨረሻ አልፎ ሕይወቱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለፈጣኖቹ ምድቦች 402 ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 305 ሜትር ዝቅ ተደረገ። ፍጥነትን የሚያፈቅሩ ሰዎች ለሕይወት ሲሉ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ ልማዳቸውን ተዉ። ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ወሰን ለማበጀት የግድ ሬሳ መጠበቅ አለብን?

«ሾፌሩ ፈቅዶ ገብቷል፤ ሕይወቱም የራሱ ናት» የሚሉ አይጠፉም። ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ለሙእሚን ነፍሱ የግል ንብረቱ አይደለችም፤ የአላህ አማና ናት። በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 195 ከልክሎናል። በአደራ የተቀመጠን ገንዘብ አስይዞ የሚወራረድን ሰው ከሃዲ የምንል ከሆነ፣ ነፍሱን ለጭብጨባ የሚያስይዘውን ምን ልንለው ነው?

በተከለለ ሜዳ፣ በሕግና በጥንቃቄ የሚወዳደር ሰው ቢያንስ አማናውን ለመጠበቅ ይጥራል። በሕዝብ ጎዳና ላይ በሌሊት የሚሽቀዳደመው ግን የራሱን ብቻ ሳይሆን ያልተማከረውን የመንገደኛ ነፍስ ጭምር ያስይዛል። ተሽቀዳዳሚዎቹ ከየኪሳቸው አዋጥተው አሸናፊው ይውሰድ ሲባልበት ደግሞ ቁማር ይጨመርበታል።

እንግዲህ ወጣት ወንድሞቼ! መፍጠን ነውር አይደለም። ነገር ግን ሺህ ዓይን እያየው፣ ድል በእጁ እያለ፣ «ይህች ነፍስ የእኔ አይደለችም» ብሎ እግሩን ከነዳጁ ላይ የሚያነሳ ሰው፣ በእኔ ግምት ከቀደመው ይቀድማል።

ወላሁ አዕለም።